ንባብ ከጆሮ ይጀምራል፤ በግሽ አባይ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ስሙን ከሰከላው የአባይ ምንጭ በወሰደው በዚህ በባሕር ዳር ከተማ በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ተገኝቼ ስለ ወጣት ተማሪዎች ንባብ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ጉዳዩ በየጉባኤው እየተነሣ ወጣቱን በመውቀስ ብቻ ሲዘጋ መኖሩን አስቤ፣ ወቀሳውን ለጊዜው ወደ ጎን ትቼ፣ መምህሩ ጠመኔውን፣ ተማሪው መጽሐፉን ይዘው ፊት ለፊት በሚተያዩበት በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚደረግ መመርመር ይሻላል ብዬ ወሰንሁ። ወጣቱ ስልክ ይዞ ያመሻል፣ መጽሐፍ ሲገልጥ ግን ያንቀላፋል የሚለው አቤቱታ እውነትነት ባያጣም፣ የሚነግረን ተማሪው ከክፍል ውጭ ስለሚያደርገው እንጂ እኛ በክፍል ውስጥ ስለምናደርገው አይደለም፤ እኔ ልናገር የምወደው በእጃችን ስላለውና ልናርመው ስለምንችለው ነገር ነው።

ይህ የጣና ዳርቻ ለመጽሐፍ ባዕድ ሆኖ የኖረበት ዘመን የለም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በብራና የተጻፉ መጻሕፍትን በክፉውም በደጉም ዘመን ጠብቀው ለዚህ ትውልድ ያደረሱ ገዳማት ናቸው፤ ከዚህ በጀልባ የምንሻገርበት፣ በቡና ደን የተሸፈነው የዘጌ ምድርም በ1860 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ያስገኘ ነው። አፈወርቅ በኋለኛው ዘመኑ ከወራሪው ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር በመተባበሩ ታሪክ በብርቱ ቢወቅሰውም፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታትሞ የወጣውና ዛሬ ሰው ሁሉ «ጦቢያ» ብሎ የሚጠራው ድርሰቱ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑ አይካድም። እንግዲህ ዘጌን ከባሕሩ ማዶ እያየ የሚያድግ ተማሪ፣ ደራሲ ማለት ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው እንዳልሆነ ማወቅ ይገባው ነበር፤ ይህን በክፍል ውስጥ ተነግሮት ያደገው ግን ስንቱ ነው? ከተማይቱም ራሷ በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው በፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ እርሱን ተከትሎ በተቋቋመው በፔዳጎጂ አካዳሚ፣ ሁለቱም በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው በመሠረቱት ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ምሁራንንና መምህራንን ስታወጣ የኖረች ስለ ሆነች፣ ዛሬ የምለውን ነገር መርምሮ የሚፈትነኝ ሰው በዚህ ጉባኤ እንደማይጠፋ አምናለሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የአማርኛው የመማሪያ መጽሐፍ በየምዕራፉ ምንባብ አለው፤ ከምንባቡ በፊት የቅድመ ንባብ ጥያቄ፣ ከምንባቡ በኋላ የአንብቦ መረዳት ጥያቄ፣ ከእርሱም ቀጥሎ የቃላት ፍቺና ሰዋስው ተሰናድቷል። ይህ አደራደር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ያዘጋጁት ሰዎች ድካምም ይታይበታል። የሚያሳዝነው ተማሪው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሲዘልቅ፣ ማንበብ ማለት ከ«ሀ» እስከ «መ» ከተደረደሩት አንዱን ለመምረጥ የሚደረግ ፍለጋ ነው ብሎ ማመኑ ነው። ስለዚህም ብልሁ ተማሪ አስቀድሞ ጥያቄውን ያያል፣ መልሱ ያለበትን መስመር በጣቱ ፈልጎ ያገኛል፣ የቀረውን ምንባብ ሳያነበው መጽሐፉን ያጥፋል፤ እኛም ዐሥር ከዐሥር እንሰጠዋለን። በመልሱ ስሕተት አላገኘንበትምና ማርኩ ተገቢው ነው፤ ንባብ ግን አልተደረገም።

ከዚህ የሚብስ ሌላ ልማድ አለን፤ እርሱም ስድሳና ሰባ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል አንዱን «ተነሥተህ አንብብ» ብሎ ማዘዝ ነው። ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ድምፁ በሚጎረንንበት፣ ከመምህሩም ቍጣ ይልቅ የባልንጀሮቹን ሣቅ በሚፈራበት ዕድሜ ላይ ይገኛል፤ ልጃገረዲቱም ከእርሱ በማያንስ ሁኔታ በዐይን ትሸማቀቃለች። በአንድ ቃል ላይ ሲደናቀፍ ከኋላ ወንበር የሚነሣው ሣቅ ለዓመታት ከመጽሐፍ ሊያርቀው ይችላል፤ እኛም ያን ጊዜ ያስተማርነው ማንበብ የውርደት በር መሆኑን ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችል መቅረቱን ያስታወሰ ሰው፣ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ጕድለታቸውን ሸሽገው ወደ ሁለተኛ ደረጃ መድረሳቸውን ለመገመት አይቸገርም። በክልላችን ደግሞ በቅርብ ዓመታት በጦርነትና በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በመክረማቸው፣ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ሞልቶ ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ ተማሪ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለውን ወጣት በሰው ፊት አስነሥቶ ማስነበብ በቍስሉ ላይ ሌላ ቍስል መጨመር ነው ብዬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ይህን ከመመለሴ በፊት አንድ ምስክር ልጥራ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቀስመው፣ ኋላም አገራቸውን በአርበኝነትና በዲፕሎማትነት አገልግለው፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ አበረከቱ። ከ500 ገጽ በላይ የሆነው ይህ ድርሰት በአገራችን ሁለት ዓይነት ዕድል ገጥሞታል። አንደኛው በክፍል ውስጥ የገጠመው ነው፤ ከመካከሉ አንድ ገጽ ወይም ሁለት ገጽ ይቀነጨብና፣ ከፊቱ ምን እንደ ሆነ፣ ከኋላውም ምን እንደሚመጣ የማያውቀው ተማሪ «የደራሲው ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቅበታል። ሁለተኛው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተከታታይ አድርጎ በተረከው ጊዜ የገጠመው ነው፤ ያን ጊዜ ፊደል የቈጠረውም ያልቈጠረውም፣ ባለ ሱቁም፣ የቤት እመቤቲቱም፣ ተማሪውም ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አዘንብሎ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ዕጣ አብሮ ሲያዝን፣ በፊታውራሪ መሸሻ ሲቈጣ፣ የጉዱ ካሣን ንግግር እየደገመ ሲከራከር ከረመ፤ ሲያበቃም መጽሐፉን ለማንበብ ከወዳጅ የሚዋሰውና በየመደብሩ የሚያፈላልገው ብዙ ሆነ። መጽሐፉ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ ሰሚውም ያው ሕዝብ ሆኖ ሳለ፣ በአንደኛው ቦታ እንቅልፍ በሁለተኛው ቦታ ናፍቆት ያመጣው ልዩነት ምን ይሆን? እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ሁለት ነው፤ ሬዲዮው ታሪኩን ከነሙሉነቱ ሰጠ፣ ሲሰጥም ጥያቄ አላስከተለም። ከዚህም ጋር ፊደሉን የመግለጡን ድካም ባለሙያው ተራኪ በራሱ ላይ ወስዶ፣ ለሰሚው ደስታውን ብቻ ተወለት።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ተአምረ ማርያም ሲነበብ ምእመኑ ቆሞ ይሰማል፤ ስንክሳሩ በየዕለቱ የዕለቱን ቅዱስ ዜና ያሰማል፤ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማቱ ከጧት እስከ ማታ ይነበባል። በቁርኣን ቤትም ሕፃኑ ቃሉን አስቀድሞ የሚይዘው በጆሮው ነው፤ የወሎ መንዙማም ትምህርቱን ሲያደርስ የኖረው በድምፅ ነው። የንባብ ቤት ተማሪ እንኳ ግዕዙን፣ ውርዱንና ቁሙን ሲለይ፣ ዳዊት ሲደግም፣ ከንፈሩ የማይንቀሳቀስበት ጊዜ የለም። የዚህም ጫፍ ምሳሌ በጎጃም ጽላሎ የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው፤ በልጅነታቸው የዐይናቸው ብርሃን ጠፍቶ፣ የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው በመስማት ብቻ ተምረው፣ ሴት ከጉባኤ ቤት በማትገባበት ዘመን ራሳቸው የቅኔ መምህር ሆነው ወንዶቹን ሊቃውንት አስተማሩ። ዐይን ለንባብ የግድ ነው፤ የንባብ ፍቅር ግን ከዐይን ቀድሞ በጆሮ ሊገባ እንደሚችል ከእርሳቸው የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ከሊቃውንቱ ወደ እስረኞች ልለፍ፤ ምክንያቱም በዚያም ቦታ ያው ነገር ታይቷልና። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በእጁ የገባውን የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ የወረቀቱም ብዛት 3,000 ያህል እንደ ነበረ ተነግሯል። ያ ሥራ ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እንግሊዝኛውን ማንበብ ለማይችሉት የእስር ባልንጀሮቹ ታሪኩን ማድረስ ነበረበትና፣ የነገ ሕይወታቸውን እንኳ እርግጠኛ ሆነው ማወቅ የማይችሉ ወጣቶች የአንዲት የሩቅ አገር ሴት ታሪክ ወዴት እንደሚያመራ ይጠባበቁ ነበር። ወጣት ንባብ አይወድም የሚል ሰው ይህን ያስብልኝ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። የአማርኛ መምህር በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ያህል አንድን ሙሉ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ራሱ ያንብብላቸው። ራሱ ያንብብ እላለሁ፤ ተማሪዎቹን እያፈራረቀ ያስነብብ አላልሁም። ሲያነብም የቃለ ምልልሱን ድምፅ ለይቶ፣ አሳዛኙን በማዘን፣ አስቂኙን በመሣቅ፣ አስቀድሞ በቤቱ ተዘጋጅቶበት ያንብብ፤ ያልተዘጋጀበትን ምንባብ የሚያነብ መምህር ከተማሪው እኩል ይደናቀፋልና። ዐሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ዕለቱ ትምህርት ይለፍ፤ ስለ ሰሙት ነገር ምንም አይጠይቅ፣ ምንም ማርክ አይስጥ። ልባቸው ነገሩ ላይ ቀርቶ «ከዚያስ?» ብለው ቢጠይቁት ደግሞ አይመልስላቸው።

ዳንኤል ፔናክ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲና የቋንቋ መምህር በ1992 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ባወጣው መጽሐፍ፣ መጻሕፍትን የጠሉ ወጣቶችን በዚሁ መንገድ፣ ማለት ያለ ጥያቄ ጮክ ብሎ በማንበብ፣ ወደ ንባብ ስለ መመለስ ጽፏል፤ የአንባቢን መብቶችም ሲዘረዝር የመጀመሪያው አለማንበብ ነው ይላል። ይህ ሐሳብ ለአንዳንዶቻችን እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም ወጣት የሆነ ሰው መተው በማይችለው ነገር ላይ ፍቅር እንደማይጥል ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማውን የመምህራን ቅሬታ ላንሣ። አማርኛ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሚሰጠው ፈተና ውስጥ ስለማይገባ ተማሪው ይንቀዋል ይላሉ። መናቁ እውነት ነው፤ እኔ ግን ይህን ጕድለት እንደ ነጻነት እንድትቀበሉት እለምናችኋለሁ። የፊዚክስና የሒሳብ መምህር የማያገኘው፣ ከፈተና ፍርሃት የራቀ ክፍለ ጊዜ በእጃችሁ አለ፤ ይህን ነጻነት ሌላ የምርጫ ጥያቄ በመደርደር ለምን እናባክነዋለን? ደግሞም ፈተናውን ያየን እንደ ሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 3.3 በመቶው፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶው ብቻ ከግማሽ በላይ ውጤት ማምጣታቸው፣ ለፈተና ብቻ ማንበብ ለፈተናውም እንዳልበጀ ያሳስበናል። ለዚያ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ መሆኑን አውቃለሁ፤ ረጅም ጽሑፍ ይዞ መቀመጥ ያልለመደ ወጣት ግን በማናቸውም ቋንቋ ረጅም ጥያቄ ሲቀርብለት እንደሚታክት ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም።

መስማት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሰማ ወጣት የሚሠራው ነገር ሊሰጠው ይገባል። በዚህ ረገድ የቅኔ ቤታችንን አሠራር አጥብቄ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ የሚሄደው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከዛሬው የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ በዕድሜ የሚበልጥ አልነበረም፤ ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ውሻ እየነከሰው ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ ነበር። ይህን ሁሉ መከራ ታግሦ ለዓመታት የሚቈየው ለምን ነበር? ግሱን አጥንቶ፣ ርባ ቅምሩን ለይቶ ጥቂት እንደ ገፋ፣ ሊቅ እስኪሆን ድረስ ሳይጠበቅ፣ በሁለት ቤት በምትፈጸመው በጉባኤ ቃና እንዲቀኝ ይደረጋል፤ እያደረም በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አልፎ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመቃብር ቦታ ብቻውን ተቀምጦ ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርቅለታል፣ ያቃናለታል። ትናንት የተባለው ቅኔ ዛሬ አይደገምምና ተማሪው ዘወትር አዲስ ነገር ለማግኘት ይገደዳል፤ ምሥጢርና ታሪክ ያላወቀ ሰው ደግሞ ቅኔው ባዶ ስለሚሆንበት ከመጽሐፈ ነገሥቱም፣ ከገድሉም፣ ከአገሩም ዜና እየለቀመ ይሰበስባል። ልብ በሉ፤ ወደ መጽሐፍ የሚገፋፋው የመምህሩ አለንጋ ሳይሆን ማታ የሚነግረው ቅኔ የግድ ሊኖረው የሚገባ መሆኑ ነው። አለንጋውም እንደ ነበረ አልክድም፤ በእርሱ ምክንያት ከትምህርት የኮበለለውን ልጅ ብዛት ሳስብ፣ የቀድሞው ሁሉ እንዳለ ይመለስ ለማለት አልደፍርም።

ይህን አሠራር ወደ ክፍላችን ለማምጣት ግእዝ ማወቅ አያስፈልግም። አንድ ምዕራፍ ከተሰማ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ የፈቀደ ተማሪ ሰብለ ወንጌል ለአባቷ ልትጽፍ ትችል የነበረውን ደብዳቤ ይጻፍ፤ ወይም ስለ ጉዱ ካሣ ሁለት ስንኝ ብቻ ይግጠም። ከሁለት ስንኝ መጀመሩ አባቶች ያወቁት ጥበብ ነው፤ ሦስት ገጽ ድርሰት የታዘዘ ወጣት ከጎረቤቱ ይገለብጣል፣ ሁለት ስንኝ የተጠየቀ ግን የባልንጀራውን ለመብለጥ ሌሊቱን ሲያሰላስል ያድራል። የባሕር ዳር ልጅ ከአዝማሪ አፍ ግጥም ሲሰማ ያደገ፣ በሰምና ወርቅ የሚደሰት ነውና፣ በዚህ በኩል የምናስተምረው ነገር ጥቂት፣ የምንፈቅድለት ግን ብዙ ነው። መጻፍ የጀመረው ልጅ ወደ መጽሐፍ የሚመለሰው ቃል ፍለጋ ነው፤ ቃል ፍለጋ የሚያነብ ሰው ደግሞ መስመር አይዘልም።

ስለ መጽሐፍ ምርጫም ጥቂት ልበል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ኖሮ ወደ አገሩ ተመልሶ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በመክፈቱ፣ በአዋሳም አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች በማድረሱ ምስጋና ይገባዋል። ለሕፃናት እንዲህ የተደከመላቸውን ያህል፣ ከሕፃንነት ወጥቶ ወደ ጎልማሳነት ያልደረሰው ወጣት በአማርኛ የተጻፈለት ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ተረቱን ንቆታል፣ የትልልቆቹ መጽሐፍ ደግሞ ገና ይከብደዋል። ስለዚህ ወጣቱ ከቴሌግራም የሚያወርደውን ቀጭን የፍቅር ታሪክ ወይም የወንጀል ምርመራ ትርጕም ሲያነብ ባገኘነው ጊዜ አንንጠቀው። ደራሲው ሳይከፈለው የተሰራጨ ፒዲኤፍ መሆኑ በደል ነውና ይህን እንንገረው፤ ማንበቡን ግን በነቀፌታ አናስቁመው፤ ስለ ታሪኩ እየጠየቅን ከእርሱ የሚበልጠውን መጽሐፍ ወደ እጁ እናቅርብለት።

አሁን ወደ አፈጻጸሙ ልምጣና ላብቃ፤ ሥርዓተ ትምህርቱ አያልቅም የሚለውን መቃወሚያ እጠብቃለሁና። አርባ ደቂቃ ካለው ክፍለ ጊዜ ዐሥሩን ወስደን፣ በዝግታ ሲነበብ በዐሥር ደቂቃ ሦስት ገጽ ያህል እንደሚሄድ ብናስብ፣ በሳምንትም አራት ክፍለ ጊዜ ቢኖር፣ በሳምንት 12 ገጽ፣ በ36 ሳምንት 432 ገጽ ይነበባል። ለ9ኛ ክፍል በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» መጀመር ይቻላል፤ እያንዳንዱ ታሪክ አጭር ስለ ሆነ ክፍሉ መስማትን ይለምድበታል። ለ10ኛ ክፍል «ጦቢያ» ይነበብላቸው፤ መጽሐፉ አነስተኛ ስለ ሆነ በአንድ መንፈቅ ያልቃል፣ ከተጠናቀቀም በኋላ በጀልባ ወደ ዘጌ መሻገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ለ11ኛ ክፍል ይቈይ፤ ቋንቋውም፣ የፊውዳሉ ሥርዓት ነገርም ያን ጊዜ ይገባቸዋል። በዚህ ስሌት መምህሩ በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ መጽሐፉን አይጨርሰውም፤ የመጨረሻው መቶ ገጽ ያህል ይተርፋል። ስለዚህ የወላጅና መምህር ኅብረት በየካቲት ገደማ ገንዘብ አዋጥቶ ቢያንስ ዐሥር ቅጂ ገዝቶ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጥ፤ ባለ ቤተ መጻሕፍቱም የተራ መዝገብ ይክፈት፣ መጽሐፉን በቍልፍ ውስጥ አያኑር፣ ክረምቱንም በየቤታቸው ወስደው እንዲያነቡት ይፍቀድላቸው።